የአል-ወስባ ማለዳ፦ የፍላሚንጎን ጎጆ የሚጠብቀው የውሃ ልክ

የጸደይ መባቻ በአቡ ዳቢ አጭር ነው። በየካቲት መገባደጃና በመጋቢት መግቢያ ማለዳው ገና ቀዝቀዝ ይላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ፀሐዩ ሜዳ ላይ አያስቆምም። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የአል-ወስባ ረግረጋማ ጥብቅ ስፍራ በቡድን እየተጓዙ ወፎችን ለማየት እነዚህ ቀናት የሚመረጡት ለዚህ ነው።

ቡድኑ ትንሽ ቢሆን ይሻላል። ልምድ ያለው ሰው ከፊት ይቀድማል፤ የተቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፀሐዩን ወደ ጀርባቸው ሰጥተው ይከተላሉ። የርቀት መነጽር የግድ ነው። በስልኩ ካሜራ ብቻ የተማመነ ሰው ይዞ የሚመለሰው በአድማስ ላይ የተሰመረች ቀጭን ሮዝ መስመር ነው፤ ያች መስመር የፍላሚንጎ መንጋ መሆኗን ቤተሰቡን ለማሳመን መድከሙ አይቀርም። ከረፋድ በኋላ ከሞቀው መሬት የሚነሣው ወላፈን ምስሉን ስለሚያርገበግበው፣ በማለዳ መገኘት ቅንጦት አይደለም።

አብሮ የመሄድ ትልቁ ጥቅም የዓይን መብዛት ነው። አንዱ በፍላሚንጎዎቹ ሲመሰጥ፣ ሌላው በጭቃው ዳር ሽር የምትለውን፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጠውን ግራጫ ወፍ ያስተውላል። ትንሿ ስቲንት ትባላለች። ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ግራም አያልፍም። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ከሚወርዱት ዘመዶቿ ከፊሉ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ከፊሉም በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይከርማሉ፤ ጸደይ ሲገባ ደግሞ እንቁላል ለመጣል እስከ ሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ይበራሉ።

እርግጥ የስፍራው ባለ ዝና ፍላሚንጎ ነው። ከመራቢያው ወቅት አስቀድሞ መንጋው በአንድነት ተጠጋግቶ ይራመዳል፤ አንገቱን አቅንቶ ራሱን ግራና ቀኝ ይወረውራል፤ ክንፉን በድንገት ዘርግቶ ከውስጥ ያለውን ቀይና ጥቁር ላባ ያሳያል። ይህን ትርኢት አንድ ጊዜ ያየ ሰው በዓመቱ ቢመለስ አያስገርምም።

አል-ወስባ ድሮም የተፈጥሮ ሐይቅ ያለበት ስፍራ አልነበረም። ጨዋማ ሜዳ ነበር፤ ሐይቁን የፈጠረው ከከተማዋ ፍሳሽ ተጣርቶ የተለቀቀ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍላሚንጎዎች እዚያ ፈለፈሉ፤ በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያልታየ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ሟቹ ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ነህያን ስፍራው ጥብቅ እንዲሆን አዘዙ። ከዚያ በኋላ መራባቱ ተቋርጦ ቆይቶ በ2011 እንደገና ተጀመረ። በ2013 ስፍራው በራምሳር ስምምነት የረግረጋማ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። 5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ቦታ ከ250 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ነገር ግን ቦታን ማጠር ብቻ ፍላሚንጎን አያኖርም። ወፉ ከጭቃ ጉብታ ሠርቶ በላዩ አንዲት እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ወንዱም ሴቷም እየተፈራረቁ አንድ ወር ገደማ ይታቀፋሉ። ውሃው በጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ቢጨምር ጎጆው ይጥለቀለቃል። ቢጎድል ቀበሮ በእግሩ ተሻግሮ ይደርሳል። ምግቡም እንዲሁ በልክ የተንጠለጠለ ነው፤ ላባውን የሚያቀላው ቀለም የሚገኘው ከአልጌና አልጌውን ከሚመገበው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሚረዝም የጨው ውሃ ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፑ የሚበረክተው ጨው በበዛበት፣ ዓሣ በማይኖርበት ውሃ ነው። የተጣራው ውሃ ያለ ልክ ከተለቀቀ ጨዉ ይቀጥናል፤ ከተቋረጠም ሐይቁ ይደርቃል። ስለዚህ የአል-ወስባ ወፎች ሕይወት በየዕለቱ በሰው እጅ ላይ ነው። ጎብኚውም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲል ከመንገዱ ወጥቶ የሚጠጋ ወይም በመንጋው ላይ ድሮን የሚያስነሣ ሰው ወላጆቹን ካስበረገገ፣ ያች ብቸኛ እንቁላል ለፀሐይና ለአዳኝ ትጋለጣለች።

የውሃ ልክ ሲዛባ ምን እንደሚሆን ለማየት ትንሿ ስቲንት ወደምትከርምባቸው የኢትዮጵያ ሐይቆች መሻገር ይበቃል። አብጃታ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይመገብ ነበር። የወንዙ ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲሳብ፣ ዳርቻው እጅግ ሸሸ፤ ጨውነቱም ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ባለው፣ 266 ሜትር በሚጠልቀው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ነጭ ፔሊካኖች ጫጩቶቻቸውን ይመግቡ የነበረው ከአብጃታ በሚያጠምዱት ዓሣ ነበር። ሻላ ራሱ ለዓሣ የሚመች ውሃ አይደለም።

ፍላሚንጎ ግን አልጌ ስለሚበላ በአብጃታ ዛሬም ይታያል። ከዳር ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳ ሮዝ የለበሰ ሐይቅ አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ የጎደለውን ፔሊካን የሚጠይቀው ቀድሞ የሚያውቀው ብቻ ነው። ጥሩ የቡድን መሪ በማስታወሻው ላይ ያየውን ብቻ ሳይሆን፣ አምና በዚሁ ሳምንት ታይቶ ዘንድሮ የቀረውንም የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።