«አባባ የሉም»

በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ፣ አንድ ምሽት በወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ቴሌቪዥን እናይ ነበር። የሚታየው ጥላሁን ጉግሳ ያዘጋጀው «ቤቶች» የተባለው አስቂኝ ድራማ ነው። ይህ ድራማ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የአንድ ቤት ሰዎች በይሉኝታና በጥቃቅን ውሸት ሲጠላለፉ እያሳየ ብዙ ቤተሰብ አስቋል። እኛም ከት ብለን ሳቅን።

በዚህ መካከል በር ተንኳኳ። ወዳጃችን የአበዳሪያቸውን ድምፅ ለዩና ትንሹን ልጃቸውን «የለም በለው» አሉት። ልጁ ሳይደናገር «አባባ የሉም» ብሎ ተመለሰ። ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም።

በድራማ ውሸቱ ይጋለጣል፤ የሚያስቀንም መጋለጡ ነው። በቤታችን ግን ተሳክቶ ያልፋል፤ ልጅም ይማረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጇን እሰጥሃለሁ ብላ የጠራችን እናት ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠይቀዋታል። ቴምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይመዘገብባት እንደነበር አስረድተዋታል።

ወዳጃችን ጥቂት አቀርቅረው ቆዩና ልጁን አስከትለው ወጡ። አበዳሪውን መንገድ ላይ ደርሰውበት ገንዘቡ እንዳልሞላላቸው ነገሩት፤ እስከ ቀጣዩ ገበያም ጊዜ ለመኑት።

ውድ አንባቢያን፣ በር ሲንኳኳ የእናንተ ልጅ ምን እንዲል ተምሯል?