ያ ነጭ ኮከብ ከየት መጣ?

አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደብድባ አሜሪካን ወደ ጦርነቱ ያስገባችው ደግሞ ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም.። በመሀል ስምንት ወር አለ። ቀን የምቆጥረው ወድጄ አይደለም፤ ሳሪስ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ኮከብ ነው ያስቆጠረኝ።

መኪናው ፊያት 634 ነው፣ የድሮ ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት። ሞተሩ ተነስቷል፣ ባቲላሜራው ጋቢናውን ጨርሷል፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነው። ባለቤቱ ለሚያዝያ 27 የድል በዓል ሊያደርሱት ይፈልጋሉ። በሩ ላይ ግን በጠመኔ ትልቅ ኮከብ ተስሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የነጻ አውጪዎቹ ምልክት ነዋ! ፊልም ላይ አይተህ አታውቅም?»

አይቻለሁ፤ ጣጣው እሱ ነው። ፊልሙ የሚያሳየን የ1936ቱን ኖርማንዲ ነው። ኮከቡ የአሜሪካ ጦር ነው፣ እዚህ ጣሊያንን ያባረሩት ደግሞ የእኛ አርበኞች፣ እንግሊዞች፣ ሕንዶች፣ ደቡብ አፍሪካውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። በዓሉ ላይ ኮከቡን ያየ ልጅ ድሉን ላልነበረ ሠራዊት ይሰጣል።

ታዲያ ምን ይጻፍበት? መልሱ መኪናው በየትኛው ቀን የማን ነበር በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። የጣሊያን ጦር ታርጋ ነጭ ነው፤ «ንጉሣዊ ጦር» የሚለው ምህጻረ ቃል በቀይ፣ ቁጥሩ በጥቁር። (ታርጋ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን ነው የመጣው፣ ጋቢናም እንደዛው።) ደቡብ አፍሪካውያን ማርከውት ከሆነ ታርጋቸው በላቲኑ «ዩ» ይጀምራል። ከረንና አምባላጌ ላይ የተዋጋው 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ምልክት ደግሞ በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ክብ ነው። ሦስቱን ደባልቆ መቀባት ግን አይሆንም።

ባለቤቱ «ባንዲራችንስ?» አሉኝ። ለሰልፉ ቀን ጋቢናው ላይ ይውለብለብ፣ ደስ ይላል። በሩ ላይ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሊገዛን የመጣውን ጦር መኪና ከመጀመሪያውም የእኛ ነበር ያሰኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከኮከቡ ይልቅ መፈግፈጊያው ማሽን ነው። ኮከብ በቤንዚን ይጠፋል። ማሽኑ ግን የ80 ዓመት ቀለም በአንድ ከሰዓት አራግፎ ብረቱ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ በሩ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ መርጦ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነኩ፣ በቀስታ። እያንዳንዱ ቀለም ሲወጣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። የፊደል ወይም የቁጥር ጠርዝ ብቅ ካለ ማሽኑ እዚያ በር አጠገብ አይድረስ።

ምንም ካልተገኘስ? የጣሊያን ጦር ግራጫ አረንጓዴ ተቀብቶ የታርጋው ቦታ ባዶ ይቅር። ከራስ የሚፈጠር ቁጥር የሌላ መኪና ቁጥር ሊሆን ይችላል።