ተረፈ፦ በሰው እጅ ቆስሎ በሰው እጅ የዳነው ቀይ ቀበሮ

በዲላና በጌዴኦ ኮረብታዎች፥ በቡናውና በእንሰቱ መካከል ያደገ ወጣት ቀይ ቀበሮን ያየው በሥዕል ብቻ ይሆናል። ይህ አውሬ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባሉ ብርዳም ተራሮች ላይ ስለ ሆነ፥ ከዲላ በስተ ምሥራቅ ካለው ከባሌ አንሥቶ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ይገኛል። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የሥጋ ዝምድናው ከተኩላ ጋር ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይኖርም፤ የቀረውም 500 ያኽል ብቻ ነው። በየትኛውም መካነ አራዊት ውስጥ ተይዞ አይገኝም።

እንዲህ ያለው አውሬ ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ቢውል ምን ይሆናል? መልሱን ያመጣው አንድ አደጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። አውሬ ሲቆስል ለተፈጥሮ መተው የተለመደ ነው። የዚህ ቁስል ግን ከሰው የመጣ ነበረ፤ ዘሩም ከመጥፋት አፋፍ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ከዚያው ተራራ ሳያርቁ በአጥር ከልለው ያስታምሙት ጀመር። ስሙንም «ተረፈ» አሉት።

ተረፈ በሰው እጅ 51 ቀን ቆየ። ሲድን አንገቱ ላይ መከታተያ መሣሪያ ታስሮለት ተለቀቀ። ከቀድሞ መንጋው ጋር ግን አልቆየም፤ ብዙ ተንከራተተ፤ በመጨረሻም ሌላ ቦታ ጓደኛ አግኝቶ ግልገሎች ወለደ።

በውጭ አገር በጡጦ ያደገ ተኩላ ሌላ ነው። ዓይኑ ሳይገለጥ ከእናቱ ተለይቶ በሰው እጅ ካደገ ሰውን ይላመዳል፤ ይሁን እንጂ ውሻ አይሆንም፤ ወደ ዱርም ለመመለስ እጅግ ይቸገራል። ሰውን መፍራት የተወ አውሬ ለጠመንጃ ቅርብ ነውና። ተረፈን የጠቀመው ሙሉ አውሬ ሆኖ መያዙና የቆይታው ማጠር ነው።

ሰዎቹስ? የተራራው ሰው ቀይ ቀበሮን ሲያይ የኖረው በጎቹን እንደሚሰርቅበት፥ አለዚያም ምንም እንዳልሆነ ፍጡር ነበር። ስም ያለውን፥ ሲያነክስ አይቶ ሲድን ያየውን አውሬ ግን እንደ ቀድሞው በዝምታ አያልፈውም። ያስታመሙት ጠባቂዎችም ከሄደ በኋላ ወሬውን ሲጠይቁ ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ቅርበት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ገደማና ኋላም በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነበረ። እንግዲህ ለቀይ ቀበሮ የሚበጀው ወዳጅነት፥ ሲቆስል ማስታመም፥ ሲድን መልቀቅ፥ ከዚያም ውሻን አስከትቦ ከሩቅ መጠበቅ ነው።