ዶሮና የጨው ውሃ

የፋሲካ ዋዜማ ሲቃረብ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበያ በዶሮ ጩኸት ይሞላል። ከገጠር የመጣው ገበሬ ዶሮውን እግሩን አስሮ አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ገዥው ደግሞ ክንፉን እያነሣ ደረቱን እየዳሰሰ ዋጋ ይከራከራል።

ከሩቅ አገር በሥራ ተመድቦ የመጣ፥ ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ገበያ መካከል ቆሞ እናስበው። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሟል። የቤት ኪራዩን ከፍሎ፥ ለእናቱ የሚልከውን ልኮ፥ በተረፈችው ገንዘብ አንዲት ዶሮ ይገዛል። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹንም ጠርቷል። ሽንኩርቱን እያለቀሰ ከትፎ፥ የቡሬን በርበሬ ሳይሰስት ጨምሮ፥ እናቱ ስታደርግ እንዳየው አድርጎ ይሠራል። ወጡ ሲቀርብ መረቁ ያማረ ነው፤ ሥጋው ግን ጥርስ ይፈትናል። እንግዶቹ በይሉኝታ «እጅህ ይባረክ» ይላሉ። እሱ ግን የወር ቁጠባው በአንድ ቀን እንደ ባከነ ያውቃል።

የዚህ ወጣት ስሕተት ምን ላይ ነው?

እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር

ባለሙያ ሴት ዶሮ ስትሠራ አሥራ ሁለቱን ብልት ካወጣች በኋላ በጨውና በሎሚ ውሃ ደጋግማ ታጥባለች፤ ዘፍዝፋም ታቆያለች። ለምን እንደምታደርገው ብትጠየቅ «ጠረኑ እንዲጠፋ፥ ሥጋውም ነጣ እንዲል» ትላለች። መልሷ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጨው ከማጽዳት ሌላ አንድ ትልቅ ሥራ አለው። ይኸውም ሥጋው ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

ሥጋ በአብዛኛው ውሃ ነው። ይህን ውሃ የሚይዙት ፕሮቲን የሚባሉት የጡንቻ ክፍሎች ናቸው። እሳት ሲነካቸው ይኮማተራሉ፤ እንደ ተጨመቀ ጨርቅም ውሃቸውን ያንጠባጥባሉ። ደረቱ ሲበስል እንጨት እንጨት የሚለው ስለዚህ ነው። ሥጋው አስቀድሞ በጨው ውሃ ውስጥ ከቆየ ግን ጨው ወደ ጡንቻው ይገባል፤ ፕሮቲኖቹ ላላ ብለው ያብጣሉ፤ ጥቂት ውሃም ጨምረው ይይዛሉ። በኋላ እሳት ሲያገኛቸው እንደ ቀድሞው አይጨመቁም፤ ስለዚህ ከሚወጣው ውሃ የሚቀረው ይበዛል።

ጨው በአገራችን ከወጥ ቤት አልፎ ገንዘብም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰዎች በጨው ሲገበያዩ ማየቱን ጽፏል። ከአፋር ምድር ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ በጎጃም ገበያም ይመነዘር ነበር። ዛሬ ጨው ከዶሮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በጥቂት ማንኪያ ጨው ውድ ዶሮን ማዳን ከተቻለ ሙያውን ማወቅ ይበጃል።

መጠኑ

ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 50 ግራም ጨው ይበቃል። ሚዛን ለሌለው ሰው ይህ ከአፍ እስከ ገደፉ የተስተካከለ 3 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ያህል ነው። ጨዉ ፈጽሞ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ ከዚያ ሥጋው ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ይገባበታል። ለአንድ መካከለኛ ዶሮ ብዙ ጊዜ 2 ሊትር ውሃ ይበቃል።

የተበለተ ሥጋ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ሳይበለት ሙሉውን ለሚጠበስ ዶሮ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ ቢበዛ ሥጋው ጨው ጨው ይላል። ሥጋው ከወጣ በኋላ ውሃው ይደፋል እንጂ ሁለተኛ አያገለግልም። ወጡ ላይ የሚጨመረውንም ጨው መቀነስና በመጨረሻ ቀምሶ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ሥጋው ድርሻውን አስቀድሞ ወስዷልና።

ሎሚውን በተመለከተ፥ ለጠረን መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮምጣጣው የሥጋውን ላይኛ ክፍል እንደ መብሰል ያደርገዋል። ስለዚህ በሎሚ መታጠብ እንጂ ብዙ ሰዓት መዘፍዘፍ አያሻም።

ጨው የማይችለው

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ጨው ውሃ ይይዛል እንጂ ጅማት አያለሰልስም። ጅማትን የሚያለሰልሰው ጊዜ ነው። የፈረንጅ የሚባለው በጥቂት ሳምንት የደረሰ ዶሮ ጅማቱ ገና ለስላሳ ስለ ሆነ የሚያሰጋው መድረቅ ነው፤ ለእርሱ የጨው ውሃ ዋና መድኀኒት ነው። ግቢ ለግቢ ስትሮጥ፥ እንቁላል ስትጥልና ጫጩት ስታሳድግ የኖረች ያገር ዶሮ ግን ጅማቷ ጠንክሯል። እርስዋን ጨው ብቻውን አያሸንፋትም፤ በለሰለሰ እሳት ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ቀስ ብላ መንተክተክ አለባት። ያን ጊዜ ጅማቱ ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። የወጣቱም ስሕተት ይህ ነበር፤ ያረጀችውን ዶሮ እንደ ቄብ ቈጠራት።

የአገሩም ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በፍኖተ ሰላም ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ማንደድ ይህን ቁጥር አይጨምረውም። ስለዚህ ከቆላ ይልቅ በደጋ መታገሥ ይገባል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለምጣድ ብቻ ሳይሆን ለድስትም ይሠራል።

ማቀዝቀዣ ለሌለው

ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ነው ብሎ ሥጋን ሌሊቱን ሙሉ ከወለል ላይ ማሳደር አደገኛ ነው። ይህን ያህል ጨው ሳልሞኔላን የመሰለውን ተሕዋስያን አይገድልም። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ዶሮው እንደ ታረደ አጥቦ፥ በቀዝቃዛ ውሃ ለአንድ ሰዓት ብቻ ዘፍዝፎ፥ ወዲያው ወደ ድስት ይክተተው። ማቀዝቀዣ ያለው ግን ማታ አርዶ ሥጋውን ያለ ጨው በማቀዝቀዣ ቢያሳድረውና ጧት ቢዘፈዝፈው ይበልጥ ይጠቀማል፤ ሥጋ ከታረደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ይገትራልና፥ ሲያድር መልሶ ይላላል።

የዶሮ እጣቢ ወደ ሰላጣና ወደ ዳቦ እንዳይረጭ ዕቃው ገለል ይበል፤ እጅም፥ ቢላዋም፥ መክተፊያም በሳሙና ይታጠቡ። ሥጋው ውስጡ ድረስ ቢያንስ 74 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ የሚንተከተክ ወጥ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል፤ ጥብስ ግን መመርመር ይፈልጋል።

እንግዲህ ያ ወጣት በሚመጣው በዓል ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ ሻጩን «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ለጋ ከሆነች ጨውና ውሃ ያዘጋጅላት፤ አሮጊት ከሆነች ደግሞ ከጨዉ ጋር ሰፊ ጊዜ ይስጣት። ወጥ መሥራት የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚያፍር ቢኖር፥ ባልደረቦቹ በይሉኝታ ሳይሆን ከልባቸው «እጅህ ይባረክ» ያሉት ቀን ኀፍረቱ ይለቀዋል።