ቤት ዘግተው ሲጓዙ ካሜራው መቅረጹን በምን ያውቃሉ?

ሸዋሮቢት መንገደኛ የማይለያት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጣርማበር ቁልቁለት በታች፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመቆርቆሯ ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ የእህል መጋዘኑና የነዳጅ ማደያው ጎዳናውን ተከትሎ ተደርድሯል። ነዋሪዋ ራሱም መንገደኛ ነው። ነጋዴው ማሾና ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ምእመኑ በመስከረም ወደ ግሸን ማርያም፣ ሐጃጁ በወቅቱ ወደ መካ ይጓዛል። ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርግ ጠሪው ይበዛል። ከይፋት ቆላ ቀበሌዎች ተነሥተው ወደ ዐረብ ሀገራት የሄዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩና ባለቤቶቻቸው በሩቁ የሚከታተሏቸው ቤቶችም አሉ።

በእነዚህ ጊዜያት ንብረት ለጎረቤትና ለዘበኛ አደራ ይሰጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የደህንነት ካሜራ በአደራ ተቀባይነት ተጨምሯል። ይሁን እንጂ ካሜራ መስቀልና ካሜራው መቅረጹን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በር ተሰብሮ የተገኘ ዕለት መቅረጫው ሲከፈት የተፈለገው ሌሊት ከውስጡ ከሌለ፣ ለካሜራው የወጣው ገንዘብ ለጌጥ የወጣ ያህል ይቆጠራል።

በግድግዳና በበር ላይ የሚታዩት ካሜራዎች በአብዛኛው ምስል ላኪዎች ብቻ ናቸው። ምስሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው በገመድ የተያያዙበት፣ በተለምዶ ዲቪአር የሚባለው መቅረጫ ነው። በመቅረጫው ሆድ ውስጥ ሀርድ ዲስክ አለ፤ የቀረጻው ሁሉ ማደሪያ እርሱ ነው። ሀርድ ዲስኩ የሌለው ወይም የተበላሸበት መቅረጫ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ጥርት ያለ የወቅቱን ምስል ማሳየቱን አያቆምም። ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው፤ ምስሉን በማየቱ ብቻ እየተቀረጸ ይመስለዋል።

ሀርድ ዲስክን በጎተራ መመሰል ይቻላል። ልዩነቱ ጎተራ ሲሞላ አዲስ እህል አይቀበልም፤ መቅረጫው ግን ሲሞላ የቆየውን ከሥር እያጠፋ አዲሱን ያስገባል። ስለዚህ ባለቤቱ ከመጓዙ በፊት ሊያነሣው የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ ጎተራው የስንት ቀን ይይዛል የሚል ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ባለ 1080 የጥራት ደረጃ አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት እየላከ ሌትና ቀን ቢቀረጽ በቀን 43 ጊጋ ባይት ገደማ ይሞላል። አራት ካሜራዎች 173 ጊጋ ባይት ያህል ይፈልጋሉ። እንግዲህ 1 ቴራ ባይት፣ ማለትም 1 ሺህ ጊጋ ባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላውም። ካሜራዎቹ ስምንት ከሆኑ ሦስት ቀን አይደርስም።

ይህን ከጉዞ ጋር እናስተያየው። ለሁለት ሳምንት ሕክምና አዲስ አበባ የሄደ ባለሱቅ በሄደ በሦስተኛው ሌሊት ቢሰረቅና የሚያውቀው ተመልሶ ሲመጣ ቢሆን፣ ከላይ በተጠቀሰው መቅረጫ ያ ሌሊት ከጠፋ ቀናት አልፈዋል። ከወር በላይ ሊቆይ ለሚችለው ሐጃጅ ጉዳዩ የባሰ ነው።

መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ሀርድ ዲስክ መግዛት አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ መቅረጫዎች ኤች 265 የሚባል የማመቂያ ዘዴ አላቸው፤ በቀድሞው ኤች 264 ከሚያዘው ቦታ ግማሽ ያህሉን ሊቆጥብ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ገጣሚው በቀድሞው ትቶት ይሄዳል። በሰከንድ የሚቀረጹትን ምስሎች ቁጥር ከ25 ወደ 12 ወይም 15 ዝቅ ማድረግም ለመጋዘንና ለግቢ የሚጎዳ አይደለም፤ ሌባ በሰከንድ 12 ጊዜ ፎቶ ከተነሣ ይበቃል። ሦስተኛው መንገድ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ማዘዝ ነው። ይህ ለተዘጋ መጋዘን እጅግ ይጠቅማል። ለቆላ ግቢ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። በክረምት ማታ ማታ በካሜራው መብራት ዙሪያ የሚሰበሰቡት ነፍሳት፣ በሌንሱ ፊት የሚያደራው ሸረሪት፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የፓፓያ ቅጠል ሁሉ ለመቅረጫው እንቅስቃሴ ናቸው። በእነርሱ ቀረጻ ዲስኩ ሲሞላ ያድራል። ከጉዞ በፊት የካሜራዎቹን ፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግና የሚያዋስኗቸውን ቅርንጫፎች መመልመል ከማንኛውም ቅንብር የማያንስ ጥቅም አለው።

ስሌቱን የማይፈልግ ሰው አንድ አጭር መንገድ አለው። የመቅረጫውን የመልሶ ማያ ገጽ ከፍቶ የመጀመሪያው ቀረጻ ያለበትን ቀን ማየት ነው። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ያለው ልዩነት የጎተራው ትክክለኛ ልክ ነው። ዘጠኝ ቀን ከሆነ፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ የሚርቅ ሰው መቅረጫውን እንዳለ ትቶ መሄድ የለበትም። በዚያው አጋጣሚ የትናንት ሌሊትን ቀረጻ ከፍቶ መመልከት፣ ሌሊት ፊት ይለይ እንደሆነም ማረጋገጥ ይገባል።

ሙቀት የአካባቢያችን የራሱ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋሮቢት 1 ሺህ 280 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ዕቃ እዚህ ሊታፈን ይችላል። የሀርድ ዲስክ አምራቾች በአብዛኛው የሚያስቀምጡት የሙቀት ጣሪያ 60 ወይም 65 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ይህ የዲስኩ የራሱ ሙቀት እንጂ የክፍሉ አይደለም። በግንቦት ቀትር፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ መቅረጫ ወደዚያ ጣሪያ ሊጠጋ ይችላል። በላዩ ላይ ዳንቴል ከተነጠፈበት ደግሞ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። የእህል መጋዘን ከሆነ የማሾና የጤፍ አቧራ ማራገቢያውን ይደፍናል። ስለዚህ መቅረጫው የሚቆለፍበት ሳጥን በጎንና በጎን ቀዳዳ ያለው፣ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ከምርት ክምር የራቀ ይሁን።

ቆልፎ የመደበቁ ነገር ራሱ የግድ ነው። መቅረጫውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃውንም አብሮ እንዲወስድ መጋበዝ ነው። መቅረጫው በሌላ ክፍል፣ መስኮቱ በሳሎን ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነው።

ወደ መብራት እንለፍ። መቅረጫውና አራት ካሜራዎች አንድ ላይ ከ30 እስከ 40 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። በሱቆች የምናየው ትንሹ ዩፒኤስ ባትሪው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ ሳለ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆይ ነው። ካረጀ ደቂቃዎችን ብቻ ይቆያል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሶላር ጋር ቢያያይዝ እስከ ንጋት ያደርሰዋል። ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ግን ከባትሪው ቆይታ ይልቅ የሚያሳስበው መብራት ሲመለስ የሚሆነው ነው። መቅረጫዎች በአብዛኛው ኃይል ሲመጣላቸው ራሳቸው ተነሥተው መቅረጽ ይጀምራሉ። ከዩፒኤሶቹ መካከል ግን ባትሪያቸው ተሟጥጦ ከጠፉ በኋላ መብራት ቢመጣም አንድ ሰው ቁልፋቸውን እስኪጫን የማይነሡ አሉ። በዚህ ዓይነት ዩፒኤስ በሁለተኛው ቀን የጠፋ መብራት ለቀሪዎቹ ሃያ ቀናት መቅረጫውን ሊያስተኛው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከጉዞው አስቀድሞ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅሎ እስኪሞት መጠበቅ፣ መልሶ መሰካትና ምንም ሳይነኩ መቅረጽ መጀመሩን ማየት ነው። በክረምት የመብረቅና የመብራት መዋዠቅ ወራት ደግሞ ስታቢላይዘር ቢጨመር ዲስኩን ያተርፋል።

ከሁሉ ተለይቶ የሚረሳው ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ መቅረጫዎች በቻይና የተሠሩ በመሆናቸው ከፋብሪካ ሲወጡ የቤጂንግን የሰዓት ቀጠና ይዘው የሚወጡ አሉ። ቤጂንግ ከእኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለች። በዚያ ላይ መሣሪያው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ስርቆቱ የተፈጸመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። በትክክል የተስተካከለ መቅረጫ 02፡00 ብሎ ይጽፈዋል፤ በቤጂንግ ቀጠና ላይ የተተወው ግን 07፡00 ይለዋል። ይህን ያነበበ ሰው አንድም ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ አንድም እንደ እኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው ይላል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተፈጸመ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ በማግስቱ ቀን ተመዝግቦ ይገኛል። ተጠርጣሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበር ምስክር ቢያቀርብ፣ በቀረጻው ላይ የሚነሣው ክርክር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ቀጠናውን ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ላይ ማድረግ፣ ሰዓቱንም ከስልክ ሰዓት ጋር ማመሳከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ በውስጡ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ሞታለች፤ ትቀየር።

ከሩቅ በስልክ ለመከታተል መቅረጫው ከኢንተርኔት ጋር መያያዝ አለበት። ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ለዚህ ይበቃል። በዝቅተኛ ጥራት፣ በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት ያህል ቢመለከቱ በሰዓት 230 ሜጋ ባይት ገደማ ይፈጃል። በሙሉ ጥራት ግን 1 ነጥብ 8 ጊጋ ባይት ይደርሳልና ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ቀረጻው አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው የባለቤቱ ማየት ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ምስሉ በስልኩ አልመጣም ብሎ ከሪያድ ወይም ከጂዳ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። ጭንቀቱ የሚገባው መቅረጫው ለብዙ ሰዓት ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ያኔ ጎረቤት ደውሎ መብራት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ራውተሩም ከዩፒኤሱ ላይ መሰካቱ አይዘንጋ።

ወደ ኢንተርኔት የወጣ መቅረጫ ለእኛ እንደሚታየን ለሌላውም ሊታይ ይችላል። በ2009 ዓ.ም ጥቅምት ወር ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት የተስተጓጎሉት ሚራይ በተባለ ፕሮግራም በተጠለፉ በርካታ ካሜራዎች፣ መቅረጫዎችና ራውተሮች አማካይነት ነበር። ሚራይ ምንም ረቂቅ ጥበብ አልተጠቀመም። ከ60 በላይ የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ይዞ በር በር እያንኳኳ የከፈተለትን ሁሉ ያዘ። በእኛም አካባቢ ገጣሚው ለሁሉም ደንበኛ ያደረገው 12345 ወይም አድሚን የሚለው ቃል ካልተቀየረ፣ ባለቤቱ ቤት አለመኖሩን ከማንም በፊት የሚያውቀው ያልታሰበ ሰው ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መሣሪያ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ በሩን ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ይዝጋ። ለወንድም ወይም ለጎረቤት እንዲከታተል ሲሰጥም ዋናው የይለፍ ቃል ሳይሆን ማየት ብቻ የሚያስችል ሌላ መግቢያ ተከፍቶ ይሰጥ። ሁሉም መቅረጫዎች ለማለት ይቻላል ይህ አላቸው።

የካሜራው አቅጣጫም ይታሰብበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበር መብት ነው፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። የራስን በር እየጠበቁ የጎረቤትን ጓሮና መታጠቢያ መቅረጽ ነውርም ጠብም ያመጣል። አደራውን የሚቀበለው ያው ጎረቤት ነውና።

ከከተማ ርቆ የውኃ ፓምፕ ወይም የማሾ ማከማቻ ያለው አርሶ አደር ዲቪአር ላያስፈልገው ይችላል። በሶላር የሚሠሩ፣ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎች አሉ። ሆኖም 128 ጊጋ ባይት ካርድ ከላይ ባየነው ስሌት ሦስት ቀን ብቻ ነውና እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ካልተደረገ አያዋጣም። ካርዱም ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሰረቅ ነው።

ከጉዞ ተመልሶ ጉዳት ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቀረጻ ማየት ሳይሆን ቀረጻው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። መቅረጫው እየሠራ ባለፈ ቁጥር የቆየው ሌሊት እየተደመሰሰ ስለሆነ ወዲያው ከቅንብሩ መቅረጹን ማስቆም፣ ካልተቻለም ከቅንብሩ ዘግቶ ማጥፋት ይሻላል። ከዚያ የተፈለገውን ሰዓት ከአንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ጨምሮ በፍላሽ መገልበጥ፣ የመቅረጫውንና የስልክን ሰዓት ልዩነት በወረቀት መጻፍ፣ ዲስኩንም ሳይነካኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ምስሉን በቴሌግራም መበተን ሌባውን ያስሸሻል፤ የተሳሳተ ሰው ከተጠቆመም ሌላ ክስ ያስከትላል። ሀርድ ዲስኩ ለምርመራ የሚቆይ ከሆነ በመቅረጫው ላይ አዲስ ይግባለት፤ የተሰበረው በር እስኪጠገን ድረስ ቤቱ ያለ ካሜራ ማደር የለበትም።