ምትና ቅላፄ፤ ጽሕፈት የማይዘው የንግግር ፍች

የአማርኛ ፊደል የቃሉን ድምፆች ይመዘግባል እንጂ የአነጋገሩን ዜማ አይመዘግብም። ይህም በተለይ መዝገበ ቃላት አዘጋጁንና ተርጓሚውን የሚያስቸግር ስለሆነ፣ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ጥብቀት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር («ገና አልመጣም» እንደሚባለው) ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነገር የልደትን በዓል ያመለክታል። ጥብቀት ራሱን የቃሉን ፍች ስለሚለውጥ ቦታው መዝገበ ቃላት ነው።

ሁለተኛው ምት፣ ማለትም የንግግር ፍጥነት፣ ዝግታና ዕረፍት ነው። «አበበ ከበደ መጣ» በአንድ ትንፋሽ ሲነገር የመጣው አበበ ነው፤ ከበደ አባቱ ነው። ከ«አበበ» ቀጥሎ ዕረፍት ከተደረገ ግን አበበ የሚጠራው ሰው፣ ከበደ የመጣው ሰው ይሆናል። የተለወጠው የቃላቱ ዝምድና ነው።

ሦስተኛው ቅላፄ፣ ማለትም የድምፅ መነሣትና መውደቅ ነው። «መጣ» ድምፁ ሲወድቅ ዜና፣ ሲነሣ ጥያቄ ነው። «ጎበዝ» ፈተና ላለፈ ልጅ ሙገሳ ሲሆን፣ ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ ተግሣጽ ነው። «እሺ» አጥሮ ሲወድቅ ስምምነትን፣ ሲሳብ ቅሬታን፣ ሲነሣ ደግሞ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ማለትን ይገልጻል።

ነገሩ ለሊቃውንቱ እንግዳ አልነበረም። የግዕዝ ንባብ ትምህርት ቃላትን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ብሎ ይለያል። እነዚህ ስሞች የወጡት ለቃል ንባብ እንጂ ለዓረፍተ ነገር ዜማ ስላልሆነ እንዳሉ መውሰድ ባይቻልም፣ ለአዲስ ስያሜ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። በሥርዓተ ነጥብም በኩል ምፀትን የሚያመለክት ትእምርተ ስላቅ (¡) አለ፤ ሆኖም በኅትመት እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ ተርጓሚው በድምፅ የተነገረውን በሌላ መንገድ መተካት ግዴታው ነው። በእንግሊዝኛ በድምፅ ጉልበት ብቻ የሚጎላው ስም በአማርኛ «የመጣው ከበደ ነው» በሚለው አወቃቀር ይጎላል፤ ጥያቄው መደነቅ ያለበት ከሆነም «መጣ እንዴ?» ይባላል። ይህን ለመወሰን ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ አንብቦ ማዳመጥ ይገባል። መዝገበ ቃላትም «ጎበዝ»ንና «እሺ»ን ለመሳሰሉት ቃላት ፍቻቸውን ብቻ ሳይሆን ከቅላፄ ጋር የሚለወጥ አገባባቸውን ጭምር ቢያስረዳ፣ አንባቢው ሙገሳን ከተግሣጽ ይለያል።