ለገና አገር ቤት የምትሄዱ፦ ትኬት የሚወደደው ለምንድነው? እንዴትስ ይቀንሳል?

እናት ደውላ «ዘንድሮስ ገናን ከእኛ ጋር ነህ?» ስትል ውጭ ያለው ልጅ መጀመሪያ የሚያየው የትኬት ዋጋ ነው። አይቶም «ተወዷል እማ፣ ለከርሞ» ይላል። ግን ብዙ ጊዜ ውድ የሆነው መንገዱ ሳይሆን የተመረጠው ቀን ነው።

ለምን ይወደዳል?
አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ወንበሮችን በአንድ ዋጋ አይሸጡም፤ በተለያየ ዋጋ ይከፋፍሏቸዋል። ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ፣ የዘገየ ሰው ውዱን ይገዛል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች በጣም የተራራቀ ዋጋ ከፍለው ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ከፈረንጅ ገና (ዲሴምበር 25) በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሠራተኛው እረፍት ይወጣል፣ ሁሉም በአንዴ ይበራል።

የእኛ ገና ምን ይጠቅማል?
ታኅሣሥ 29 ጃንዋሪ 7 ላይ ነው የሚውለው። ከፈረንጆቹ ጋር 13 ቀን ልዩነት አለው። ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ እናንተ ወደ አዲስ አበባ ብትሄዱ ከግርግሩ በተቃራኒ ነው የምትጓዙት። ጥምቀትን (ጥር 11) አክብራችሁ ብትመለሱ ደግሞ የመመለሻውም ግፊት ቀንሶ ይጠብቃችኋል። እረፍታችሁ ዲሴምበር ላይ ብቻ ከሆነ ራሱን ዲሴምበር 25ን ሞክሩት፤ በዕለቱ መብረር የሚፈልግ ሰው አነስ ይላል።

ርካሽ መስሎ የሚያስከፍለው
ሚኒያፖሊስ ያለ ልጅ እስከ ዋሽንግተን አንድ ትኬት፣ ከዋሽንግተን ቦሌ ሌላ ትኬት ለየብቻ ቆረጠ እንበል። በረዶ ጣለና የመጀመሪያው በረራ ዘገየ። ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው «መንገደኛው አልመጣም» የሚለውን ብቻ ነው። ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ጉዞው በሙሉ በአንድ ቡኪንግ ቢሆን ግን በቀጣዩ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነበር። ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

ተሳስታችሁ ብትቆርጡስ?
ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደዚያ ለሚሄድ በረራ፣ ትኬቱን በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከገዛችሁና ለበረራው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ወይም ሳይከፍሉ ለ24 ሰዓት ማስያዝ ይቻላል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰጥ አየር መንገዱን ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀታችሁን እዩ
• የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ወይም ቪዛ ያስፈልገዋል። ቀኑ እንዳላለፈ አረጋግጡ።
• ሳዑዲ በኢቃማ የምትኖሩ፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛ ሳይዙ መውጣት መመለሻውን ይዘጋል።
• አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአገር መውጣት ማመልከቻውን እንደመተው ይቆጠራል። ተፈቅዶላችሁም ቢሆን ሸሸሁበት ወዳላችሁት አገር መመለስ ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። ከየትኛውም ትኬት በላይ የሚያስከፍለው ይሄ ነው።

ሻንጣ ላይ ደግሞ ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም።

አሁን ስልካችሁ ላይ ሁለት ቀን አስገቡ፦ ዲሴምበር 20 እና ጃንዋሪ 3። ዋጋውን አወዳድሩ። «ለከርሞ» የምትሏት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ውጭ ላለ ወንድም፣ እህት፣ ጓደኛ ሼር አድርጉለት።